ቀይ አፈር ኬላ ላይ የተያዘው ኮት

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቅም። ደርግ እንደነበር፣ ስኳርም በቀበሌ ካርድ ይሰጥ እንደነበር አስታውሳለሁ። ባለቤቴን «ጂንካ የሄድሁት መቼ ነበር?» ብላት «እኔ የወደቀውን አጥር ብቻዬን ያጠርሁ ጊዜ ነዋ!» አለችኝ። አጥራችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወድቋል። ብቻ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ወቅት ነበር፤ ወንዝ መንገድ ላይ አስቀምጦን ስለነበር ይህን አልረሳም።

ያን ጊዜ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ድርጅት ይባል እንጂ ሦስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቱ አቶ ባህሩ ያነሳሉ፣ ያጥባሉ፤ እታገኝ የምትባል ልጅ እጇ ጥሩ ስለሆነ ስም ትጽፋለች፤ እኔ ኮት አለብሳለሁ።

ኮት ማልበስ ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ነው። ለመታወቂያም ሆነ ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ፣ ጋሪ ነጂም ይሁን ሽንኩርት ነጋዴ፣ የፎቶ ቤቱን ጥቁር ኮት ለብሶ ነው የሚነሳው። ከረባቱ በላስቲክ ስለተሰፋ ማሰር አያስፈልገውም፤ በራስ ይጠለቃል። ኮቱ ከጀርባው ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ወፍራም ሰው ሲመጣ ይከፈታል፤ ቀጭን ሲመጣ በልብስ መቆንጠጫ እሰበስበዋለሁ። ከፊት ሲያዩት ለማንም ልኩ ነው። ጀርባውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

አቶ ባህሩ አርፈው መቀመጥ የማያውቁ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን መታወቂያ ላይ ፎቶው በሙጫ ይለጠፍና ማኅተም ይመታበታል። አጭበርባሪ የሆነ ሰው ወረቀቱን የሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይይዝና ፎቶውን ልጦ የራሱን ይለጥፍበታል። አቶ ባህሩ ይህ ነገር ሲከነክናቸው ከርሞ አንድ ዘዴ አመጡ። የሰውዬው ስምና ቁጥር፣ ማኅተሙም ጭምር፣ በነጭ ወረቀት ላይ ይሰፍርና ከደረቱ ሥር ይደረጋል፤ ፊቱና ስሙ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፎቶ ይነሳሉ። የሚለጠፍ ነገር የለም። ከዚያ በሁለት ፕላስቲክ መሀል ይገባና ጨርቅ ተደርጎበት በከሰል ካውያ ይተኮሳል። ፊቱን እልጣለሁ ያለ ስሙንም ይቀድዳል። «አይላጥም» ይሉ ነበር አቶ ባህሩ ላገኙት ሰው ሁሉ። ለሥጋ ቤቱ ባለቤትም ነግረውታል።

ይህን የሰማ አንድ የአገራቸው ልጅ ዛሬ ደቡብ ኦሞ በሚባለው አገር የአንድ መንገድ ሥራ ካምፕ አስተዳደር ሹም ነበር። ካምፑ ሠራተኛ የሚቀጥረው ከጂንካ ነው፤ ሥራው ግን ከቀይ አፈር ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ሠራተኛው ኬላ ማለፍ አለበት። «መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ሥሩና ይሞከር። ከሆነ የቀሩትን ሁሉ እናንተ ትሠራላችሁ» ብሎ ላከ። ካልሆነ ፎቶ ቤቱ መዘጋቱ ነበር። ከፊት ለፊታችን ባለቀለም ፎቶ የሚያነሳ ሌላ ቤት ተከፍቶ ሰው መንገዱን እየተሻገረ ይሄድ ጀምሯል። እኔም ኮት ከማልበስ በቀር የተማርሁት ሙያ የለኝም። እንግዲህ እታገኝን ቤት ጠባቂ አድርገን እኔና አቶ ባህሩ የሄድነው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን በአውቶቡስ ሻሸመኔ ገባን። ካሜራው፣ ሦስት እግሩ፣ ኮቱና ወረቀቱ በአንድ የጣውላ ሣጥን ነው። የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ግን በአረቄ ጠርሙስ ስለነበር ጭኔ ላይ ይዤው ሄድሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጠርሙሱን ሲያዩ ሲያዩ ቆይተው ዝዋይ ላይ «የኔ ወንድም፣ ብቻህን ልትጠጣው ነው?» አሉኝ። መርዝ ነው ብላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እስከ ሻሸመኔ አላናገሩኝም። ሻሸመኔ እንደ ናዝሬት ጋሪ አለ። ፈረሱ ግን ከኛው ይወፍራል፤ ሣሩ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ አመሸን። እራት ዓሣ በላን። ናዝሬት ዓሣ ማለት የጾም ነገር ነው፤ እዚያ በፍስክ ቀን ሥጋ እያለ ዓሣ ሲበሉ አየሁ። አቶ ባህሩ አጥንቱ ጉሮሯቸው ላይ ቆመባቸውና የምግብ ቤቱ ሴትዮ ጀርባቸውን በጥፊ መታ መታ አድርጋ፣ ደረቅ ቂጣ አጉርሳ አወረደችላቸው። ሲያመሰግኗት «ለእንግዳ ሁሉ ነው የማደርገው፤ ሁሉም እንግዳ ይታነቃል» አለች።

ሦስተኛውን ቀን በጭነት መኪና ኮንሶ ደረስን። አልጋ ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ባለቤቱ የራሱን አልጋ ለቀቀልን። እሱ የት እንደሚያድር ብንጠይቀው «እዚሁ ነኝ» አለ። ጠዋት ስንነሳ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ቁርስ የሽፈራው ቅጠል የገባበት የማሽላ ቂንጬ ነገር ሰጡን፤ ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ማታ ምግብ አላሰኘንም። አብሮ የቀረበውን ጠላ መሳይ መጠጥ ግን አልቀመስሁም፤ ሹፌሩ ለሦስታችንም ቀመሰልን።

አራተኛውን ቀን ከወይጦ በፊት አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ደረስን። ደረቅ ወንዝ የሚሉት የሌለ ወንዝ ነው። ያን ቀን ነበር። ላይኛው አገር ዘንቦ ቡናማ ውሃ ግንድ እየጎተተ ይወርዳል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ሥር ተኛ። ናዝሬት ቢሆን ሰው ይጮሃል፣ ይሰዳደባል፣ ይመለስ አይመለስ ይባባላል። እዚያ ሁሉም ተቀመጠ። ከወዲያኛው ዳር ያለ አንድ የፀማይ ሰው እንኳን በትንሿ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እኛን ያያል፣ እኛም እሱን እናያለን። ውሃው ጎደል ሲል እሱ ቀድሞ ገብቶ ጥልቀቱን በገዛ ጉልበቱ አሳየን። ሹፌሩ እሱ የረገጠውን ተከትሎ ተሻገረ። ልናመሰግነው ስንወርድ እኛ ወደለቀቅነው ዳር ተሻግሮ ነበር፤ የሚሄደው ወደዚያ ኖሯል።

ጂንካ ሲመሽ ገባን። ጂንካ አረንጓዴ ነው፤ ሙዝ በየጓሮው፣ እንሰት በየጓሮው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን የመጣ ዕለት ከብቱም ልጆቹም ገለል ይላሉ። ናዝሬት አውሮፕላንም የላት፣ ይህን ያህል ሣርም አላየሁባት።

እዚያ ሁለት ቀን ሠራን። መብራት የሚመጣው ማታ ብቻ ስለሆነ አቶ ባህሩ የአልጋ ቤቱን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ደፍነው በመኪና ባትሪ አጠቡ። ዝናቡ ፎቶውን አላደርቅ ቢለን የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወጥ ቤቷን ለቀቀችልንና የሰባት ሰው ፊት ከእሳቱ በላይ በገመድ ተሰቀለ። የኛ ካውያ እጀታው መንገድ ላይ ተሰብሮ ነበር፤ የራሷን ሰጠችን። «ፕላስቲክ እንዳታጣብቁበት» አለች። አጣበቅንበት። ራሷ በቢላ ፋቀችው።

የሚነሱት ሰባት ሰዎች ከጂንካ በላይ ካሉ መንደሮች የመጡ የአሪ ገበሬዎች ናቸው። አፍ የሚሆናቸው ማርቆስ የሚባል ረጅም ሰው ነበር። አማርኛው ከሁሉም ይሻላል፤ ጨዋታም ያውቃል። ኮቱን ሳለብሰው ዞር ብሎ ጀርባውን ለማየት ሞከረ።

«ይሄ ኮት የኔ ነው?» አለኝ።

«ለፎቶው ያንተ ነው።»

«ከፎቶ በኋላ?»

«የሚቀጥለው ሰው ነው።»

«እንግዲያ ቶሎ አንሳኝ፣ ሳይወስደኝ» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ከረባቱን ሳጠልቅለት ደግሞ «ሚስቴ ይሄን ካየች ሌላ ሰው መጣ ብላ በር ትዘጋለች» አለ።

እኔ አበጠርኋቸው፣ ኮቱን ቆነጠጥሁ፣ «ዓይን አታርገብግቡ» አልሁ። ካርዱ ሲያልቅ የካምፑ ጸሐፊ አንድ በአንድ ተቀብሎ አየና «አሁን ገና ሰው አስመሰላችኋቸው!» ብሎ ተደሰተ። ማርቆስ ከበሩ ላይ ሰምቶት «ድሮ ምን ነበርን?» ብሎ ጠየቀ። ጸሐፊው ካርዶቹን መቁጠር ጀመረ። አቶ ባህሩ ግን በካርዱ ኮርተው «ሰው መንግሥት ፊት ሲቀርብ ሙሉ ሆኖ ነው» አሉ።

ጸሐፊው አንድ ነገር አስጠነቀቀን። ሰባቱ ሰዎች ሐሙስ ማታ ካምፕ መድረስ አለባቸው። ያልደረሰ ቦታው ከኮንሶ በኩል ለመጡ ይሰጣል፤ በር ላይ የሚጠብቁ አሉ። ሰባቱም ሰዎች በዚህ ሥራ ተስፋ ያደረጉ ናቸው። ማርቆስ በደሞዙ በሬ ሊገዛ ነው፤ የነበረው በበሽታ ሞቶበታል፣ ሌላ ካላገኘ መሬቱ ሳይታረስ ሊቀር ነው።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ባህሩ ሆዳቸውን አመማቸውና ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። «ጋሽ ተክሌ፣ አንተ ሣጥኑን ይዘህ ከሰዎቹ ጋር ሂድ። ካምፕ ያሉትን ፎርማኖች ስለምናነሳ ኮቱን እንዳትረሳ። እኔ ነገ በሚመጣው መኪና እደርሳለሁ» አሉኝ። ኮቱን አልረሳሁም።

የጭነት መኪናው ላይ ከሰባቱ ሰዎች ጋር ተጫንሁ። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ጂንካ የደረብሁትን ሹራብ ቀይ አፈር ሳንደርስ አወለቅሁ። ማርቆስ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ይዞ ኖሮ ለሁላችንም አካፈለ። ካርዳቸውን በየደረት ኪሳቸው ይዘዋል፤ ኪስ የሌለው በአንገቱ በክር አንጠልጥሎታል። እያወጡ ያያሉ፤ እየተያዩም ይሳሳቃሉ። አንዱ «እኔ ወረዳ አስተዳዳሪ መስያለሁ» ሲል ሌላው «አንተ የአስተዳዳሪውን ወንበር ነው የመሰልኸው» አለው።

ቀይ አፈር ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። መሬቱ እንደ ስሙ ቀይ ነው፤ የናዝሬት አቧራ ነጭ ስለሆነ ሰው ያስረጃል፣ የዚያኛው ግን ቀይ ቀለም የተቀባ ያስመስላል። የአካባቢው ሰዎች፣ በናዎችና ፀማዮች፣ ማርና ፍየል ይዘው ከየአቅጣጫው ይገባሉ። ኬላው መንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ ነው፤ ከጎኑ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቆርቆሮው ቤት ፊት አንዲት ሻይ ሻጭ ሴት።

የኬላው ኃላፊ ከጎጃም የመጣ ወጣት አስር አለቃ ነበር። ትሑት ነው፤ «ጋሼ፣ ካርድ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። የማርቆስን ተቀበለና አየ። «ጥሩ ካርድ ነው» አለ። ደስ አለኝ፤ ለአቶ ባህሩ እንደምነግራቸው አሰብሁ። ሁለተኛውን አየ። ሦስተኛው ላይ ዘገየ። አራተኛውን ሲያይ የመጀመሪያውን መልሶ ጠየቀ። ከዚያ ሰባቱንም ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ውረዱ» አለ።

ወረድን።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ወንድማማቾች ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ልብስ ለበሱ?»

«ተራ በተራ ነው የለበሱት።»

«አሁን እንደማያቸው አንዱ ቁምጣ፣ አንዱ ጋቢ፣ አንዱ የተቀደደ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ካርዱ ላይ ሁሉም ከረባት አስሯል። አንድ ከረባት! ኮቱ የት አለ?»

«እኔ ጋ ነው» አልሁ። ስናገረው ራሱ ጥሩ እንዳልሆነ ታወቀኝ።

ሣጥኑን ከፈትሁ። አስር አለቃው ኮቱን አነሳ፣ ገለበጠ፣ በተተረተረው ጀርባ በኩል እጁን አሳልፎ እኔን አየኝ።

«ይህ ኮት ጀርባ የለውም።»

«የሚያገለግለው በፊት ለፊቱ ነው።»

«የሚያታልል ኮት ነው ማለት ነው?»

እንደዚያ አስቤው አላውቅም አልሁት። እውነቴን ነው፤ ስንት ዓመት ስይዘው አላሰብሁትም።

ከዚያ ምላጭ አወጣና ከአንዱ ካርድ ጠርዝ ላይ ሊልጥ ሞከረ። አልተላጠም። ሙቅ ውሃ አስመጣ፤ ነከረው። አልተላጠም። ይህ የአቶ ባህሩ ሥራ የሚመሰገንበት ሰዓት ነው ብዬ ስጠብቅ የራሱን መታወቂያ ከኪሱ አወጣና ጫፉ የተነሳውን ፎቶ በጥፍሩ ነካ ነካ አድርጎ አሳየኝ።

«የመንግሥቱ ይላጣል» አለ። «የናንተ የማይላጠው ለምንድን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ አቶ ባህሩ መልስ አላዘጋጁልኝም ነበር። ዘዴውን ላስረዳው ሞከርሁ፤ ፊትና ስም አብሮ ይነሳል፣ በካውያ ይተኮሳል ብዬ። የመታወቂያ ሥራ በካውያ መሆኑ የበለጠ አሳሰበው።

«አንድ ሰው ካርድ ያትማል፤ አንድ ኮት ለሁሉ ያለብሳል፤ ሰው በየስሙ ያሳልፋል። ጋሼ፣ ይህ የሰርጎ ገብ ሥራ ሊሆን ይችላል። ኃላፊነቱን ብቻዬን አልወስድም፤ ወደ ጂንካ የሚመለስ መኪና ሲገኝ በአጀብ ትሄዳላችሁ። አውራጃው ያጣራ።»

በዚያ ዘመን ያ ቃል ከተነገረ ሰው ካጠገብህ ይርቃል። ሊያዩን ተሰብስበው የነበሩ ገበያተኞች ዘወር አሉ። ሹፌራችን ጭነት አለብኝ ብሎ ሞተሩን አስነሳ፤ እስከ ምሳ ብቻ ሊጠብቀን እንደሚችል ነገረን። ከሱ ሌላ ያን ቀን በዚያ መንገድ የሚወርድ መኪና የለም። ሰባቱ ሰዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የወረዳ አስተዳዳሪ የመሰለ ማንም አልነበረም። አንደኛው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባዶ ክር ይነካካል።

ማርቆስ ተነሳና «አስር አለቃ፣ ፊት እይ። ፊታችን የየራሳችን ነው» አለው።

«ፊቱን አየሁት። ኮቱ ግን ዓይኔን ይወስደዋል» አለ አስር አለቃው። ክፋት የለውም፤ በእውነት ተቸግሮ ነበር።

በዚህ መሀል ሻይ ሻጯ በትሪ ሻይ ይዛ መጣችና ከማርቆስ ጀምራ ታድል ጀመር። ጎልማሳ ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ኋላ እንደሰማሁት እሷ የአሪ ልጅ ናት፤ ባሏ ከመንዝ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል።

«እማማ፣ እነዚህ የተያዙ ሰዎች ናቸው» አላት አስር አለቃው።

«የተያዘ ሰው አይጠማውም?» አለችና ማደሏን ቀጠለች። ለእኔም ሰጠችኝ። ከዚያ ትሪዋን አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ሰባቱን ካርድ ጎንበስ ብላ አየች፤ ኮቱንም አየች።

«ምን አደረጉ?»

«ሰባት ሰው አንድ ኮት ለብሷል።»

«ታዲያ ሰባት ኮት ከየት ይምጣ?»

«እማማ፣ ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ አንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም፣ ልክ ነህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስታገባ ለእናትህ ጎጃም የላክኸው ፎቶ አለ አይደል?»

አስር አለቃው ቆቡን አስተካከለ።

«እዚህ በር ላይ የተነሳኸው። ሙሽራዋ በግራህ፣ እኔ በስተኋላ አበባ ይዤ።»

«እማማ…»

«እሱ ላይ የለበስኸው ኮት የማን ነው?»

ገበያተኞቹ እንደገና ቀረቡ። ከገበያተኞቹ ውስጥ አንዱ ሳቀ፤ አስር አለቃው ዞሮ ሲያየው ማሩን ወደሚሸጥበት ሄደ።

«የጋሽ ከበደ ነው» አለ አስር አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የባሌ ነው። ካንተ በፊት መምህሩ አግብቶበታል፤ ከመምህሩ በፊት የእህል ነጋዴው። እጅጌው ስላጠረህ እጅህን ወደ ኋላ አድርግ ያልሁህ እኔ ነኝ። እናትህ ፎቶውን አይታ ‘ይህ ልጄ አይደለም፣ ኮቱን አላውቀውም’ ብላ መለሰችው?»

«አልመለሰችውም።»

«እንዴት አወቀችህ?»

መልሱንም ሳትጠብቅ ባዶ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። «እንደፈለግህ አድርግ፤ እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ» አለች።

አስር አለቃው ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ከዚያ አንዱን ካርድ አነሳና በአውራ ጣቱ ኮቱንና ከረባቱን ሸፈነ። ፊቱ ብቻ ቀረ። ካርዱን ከፍ አድርጎ «ማርቆስ!» ብሎ ጠራ። ማርቆስ ተነሳ። አስተያየው። ካርዱን ሰጠው። ሁለተኛውን አነሳ፤ ኮቱን በጣቱ ሸፈነ፤ ጠራ። እንዲህ እያለ ሰባቱንም አንድ በአንድ አስተያይቶ ካርዳቸውን መለሰ። አንደኛው ሲጠራ ደንግጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ «ዓይን አታርገብግብ» አለው አስር አለቃው፤ ልክ እንደ እኔ።

«ይለፉ» አለ በመጨረሻ። እኛ ስንሳፈር ግን እጁን ከሣጥኑ ላይ አኖረ። «ኮቱ አያልፍም፤ ኮቱ እዚህ ይቆያል።»

ሰው አልፎ ኮት የታሰረበት ኬላ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። አልተከራከርሁም። ሹፌሩ ግንዱ ሳይነሳ ማርሽ አስገብቶ ነበር።

ካምፕ ፀሐይ ሳትገባ ደረስን። በሩ ላይ እንደተባለው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሰባቱ ካርዳቸውን አሳይተው በመሀላቸው አልፈው ገቡ። ማርቆስ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ በሬው ገባ» አለኝና ሄደ።

በማግስቱ አቶ ባህሩ ከስተው ደረሱ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም።

«ኮቱስ?»

«ተይዟል።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። ያለ ኮት አንስተው አያውቁም፤ እኔም አልብሼ እንጂ ሳላለብስ ቆሜ አላውቅም። ፎርማኖቹ ግን ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ስለዚህ እንደመጡ አነሳናቸው። ቆብ የለመደው ቆቡን አውልቆ በግንባሩ ላይ ምልክቱ ታየ፤ ሸሚዝ ያለው በሸሚዙ፣ ጋቢ ያለው በጋቢው። መንገድ የሚመራቸው አንድ የሐመር ሰው ጸጉሩን በሸክላ ጭቃ ሠርቶ ላባ ሰክቶበት፣ አንገቱ ላይ ጨሌ አድርጎ መጣ። ማበጠሪያዬን ይዤ ቀረብ ስል አየኝ፤ ማበጠሪያዬን ወደ ኪሴ መለስሁ። ያን ቀን ሥራ ፈትቼ ሦስት እግሩን ይዤ ዋልሁ።

ካርዱ ሲደርስ አስተዳደር ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አየና «አሁን ሰው ከሰው ተለየ» አለ። የቀሩትንም እንድንሠራ ፈቀደ። አቶ ባህሩ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ያለ ኮት እንደገና ሊያነሷቸው ጠሯቸው። ስድስቱ እሺ አሉ። ማርቆስ ግን ካርዱን በእጁ ከደረቱ ጋር ያዘው።

«እኔ በዚህ ነው ኬላ ያለፍሁ። እንደገና አልለምንም።»

ተዉት። እስከ ዛሬ ሳይይዘው አይቀርም።

ሥራችን አልቆ ስንመለስ ቀይ አፈር ላይ ወረድን። አስር አለቃው ሰላምታ ሰጠን፤ ስለ ኮቱ ስንጠይቀው ግን ወደ ሻይ ቤቱ አመለከተን። ሻይ ሻጯ ሻይ ቀዳችልን።

«ኮታችንን ልንወስድ ነው» አሏት አቶ ባህሩ።

«የለም፤ ሠርግ ሄዷል።»

አቶ ባህሩ እኔን አዩኝ።

«የባሌ ኮት እጅጌው አለቀ። ምን ላድርግ? አስር አለቃው ዝም ብሎ ማስቀመጡ ምን ይጠቅማል ብሎ ሰጠኝ። ጀርባውን ሰፍቼዋለሁ። ሙሽራ በሁሉም በኩል ነው የሚታይ። ማታ ይመጣል፤ ብትጠብቁ ትወስዱታላችሁ።»

አቶ ባህሩ ሻያቸውን እስኪጨርሱ አሰቡ። «ይቆይ» አሉ። «እዚህ ሥራ አለው።»

ውለታዋን ለመክፈል ፎቶ እናንሳሽ አልናት። ከቤቷ በር ፊት ቆመች። አቶ ባህሩ ካሜራውን ሲያስተካክሉ፣ የባሏ ፎቶ ካለ አብራ እንድትይዘው ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ሲያበድር ነው የኖረው። ቀይ አፈር ውስጥ ሙሽራ በተነሳበት ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ አለ፤ የሌለው ፊቱ ብቻ ነው።»

ይህን ብላ ራሷ ሳቀች፤ በዚያው ቅጽበት ካሜራው ቀጭ አለ። አቶ ባህሩ ፎቶ ላይ አይሳቅም፣ ሌላ እናንሳ አሉ። «አንዱ ይበቃል፣ ሻዩ ፈልቷል» ብላ ገባች።

አንዱን ለሷ በሹፌር ላክንላት። አንዱ እኔ ጋ፣ ሳሎን ቤት ተሰቅሏል። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህች የምትስቅ ሴት የየት ዘመድህ ናት?» ይለኛል። ዘመዴ አይደለችም፤ ቀይ አፈር ላይ ያሳለፈችን ሴት ናት እለዋለሁ፤ ወይዘሮ ዘነበች ትባላለች።